ስድስት ኦም

በአይሱዙ ገመድ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ተጎትታ መጣች፤
ብሉበርድ ቱርቦ ናት፤ ቀይ ነበረች አሉ፣ ፀሐይ ልጧት ነጣች።
ባለቤቷ ውበቱ፣ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ፣
«ሐረጎን» ይላል፣ «እንደ አሞራ ትወጣው ነበር፤ ዛሬ ሆና በሽተኛ፣
ሦስት ኤሌትሪሲስታ አይቷት፣ ሁለት ኮምፒውተር በልታ፣
ይኸው ቁልፍ ሲዞር ያስላትና ትተኛለች ተኮራምታ።»

ኮፈኑን ገለጥኩት፤ ከፈን የገለጥኩ መሰለኝ፣
የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲለበልበኝ።
ቢጫው ሽቦ ጠቁሮ፣ ናስትሮው ሙጫ ሆኖ፣
እንደ ዶሮ አንጀት ተጠላልፎ፣ አንዱ ባንዱ ታፍኖ።
አራቱን ኢንጀክተር በቴስተር ለካሁ፤
ሁለት ኦም፣ ሁለት ኦም፣ ሁለት… ጤነኛ ናቸው ብዬ ኮራሁ፤
«ጋሽ ይመር! በሽታው ከኮምፒውተሩ ነው» ብዬ ተጣራሁ።

መልስ የለም። ከበሩ ጥግ ከተመታው ትንሽ ቆርቆሮ
የሥሪት ዘመኗን በአውራ ጣቱ እየጠረገ ያነባል አቀርቅሮ።
«በእኛ ሲቆጠር» አለ፣ «ሰባ ሰባት።» ሌላ አልጨመረ።
ወሎ ላይ ይህ ቁጥር ሲጠራ የሚስቅ የለም፤ የውበቱም ፊት ተቀየረ።
ከዚያ፣ «አንሻ» አለኝ፣ «ከፊውዙ ወዲህ፣ እዚህ ጥግ ላይ፣ ምን ነበረ?»
ሁለት የብሎን ቀዳዳ። ዝገት። አራት ተቆርጦ ባንድ የታሰረ።

«የሆነች ሣጥን ነበረች» አለ ውበቱ፣ «የምትግል፣ የምትፈጅ እጅ፤
መጀመሪያ የመጣው ልጅ ነቅሎ ጣላት፤ ‹ምን ትፈይዳለች፣ ጉልበት ትከለክላለች እንጅ።›»
ጋሽ ይመር ሳቀ፣ ሳቅ ከተባለ። ከመሳቢያው፣ በጋዜጣ ከጠቀለለው፣
አራት ሬዚስተር አወጣ፤ ስድስት ስድስት ኦም፣ አንዱ የጣት ያህል ነው።

ሠራሁ። ከቁልፉ የመጣውን በሬሌ አሳልፌ፣ በፊውዝ አስሬ፣
ለአራት ከፈልኩት፤ እያንዳንዱን ክር በሬዚስተር አሻግሬ፣
በስታኞ ይዤ ኢንጀክተሩ ራስ ላይ ደረስኩ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ፣
ማሳ የሚሰጠው እሱ ነውና፣ በእሱ እጅ ነውና በሩ።
«ማሳ» እንላለን በጋራዥ ቋንቋ፣ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚያርፍበት፤
ጋሽ ይመር ግን ሌላም ማሳ ያውቃል፣ ዘሩን ውጦ ዝም ያለበት።

«ኢንጀክተሩ ጥፋት የለበትም» አለኝ፣ ብየዳው እስኪበርድ ተቀምጦ፣
«ሁለት ኦም ረሃብተኛ ነው፤ ካልያዝሽው ስድስት አምፔር ይጠጣል ገልብጦ።
መጠለያው ውስጥ፣ ከቦርከና ማዶ፣ አንዲት ሴት ነበረች ማንኪያ የያዘች፤
አንድ ማንኪያ ወተት፣ ቆይታ አንድ ማንኪያ፤ ስዘረጋ እጄን መትታ የመለሰች።
እንዴት እንደጠላኋት! ስሟን እንኳ አላውቅም።
እንደ እሷ የጠላሁት ሰው እስከ ዛሬ የለም።
ወንድሜ አበጋዝ በሌሊት ሾልኮ አንድ ጆንያ አገኘ፤
ጠገበ። ሲነጋ ሆዱን እንደያዘ ተገኘ።»

ዝም አልን። ውበቱ ቆቡን አወለቀ።
የጅቡቲ ተሳቢ ከነጭነቱ አለፈ፣ አስፋልቱን እያደቀቀ።

ወደ ማታ ቁልፉን አዞርኩት።
አሳላት። አሳላት። ያዘች።
ታክ ታክ ታክ ታክ፣ አራቱም በየተራ፣
ማንም ማንንም ሳይገፋ።
የቀድሞዋ ሣጥን ቦታ መዳፌን አስጠጋሁ፤
ሳልነካው ተፋጀኝ።

ሐረጎን ስንወጣ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣
ቱርቦው ፉጨቱን ለቀቀው፤
ውበቱ መሪውን ይዞ እንደ ልጅ ይጮሃል፣
የደሴ መብራት ከላይ ብቅ ጥልቅ ይላል።
ከኋላ ወንበር፣ ጋሽ ይመር፣
ዓይኑን ጨፍኖ፣
«አንሽዬ፣ ይግላል?»
«ይግላል ጋሽዬ።»
«ይጋል።»